ለግቢ ጉድጓድ የቱ ክሎሪን? በረኪና፣ ጠጣር ክሎሪንና እንክብል ሲመዘኑ

የግቢ ጉድጓድ ለማከም የሚሸጡት ነገሮች ስማቸውና ማሸጊያቸው ይብዛ እንጂ ሥራውን የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ክሎሪን። የሚለያዩት ስንት በመቶ እንደያዙ፣ መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩና ከክሎሪኑ ጋር ምን ሌላ ነገር ይዘው ጉድጓድ እንደሚገቡ ነው። እዚህ የተመዘኑት አራት ናቸው፦ ተራ የቤት በረኪና፣ ጠጣር ክሎሪን (ካልሲየም ሃይፖክሎራይት)፣ የመጠጥ ውሃ ማከሚያ እንክብልና የመዋኛ ገንዳ እንክብል። አራተኛው ለጉድጓድ ባይሆንም ብዙ ሰው ስለሚሞክረው አልታለፈም።

የትኛውም ይገዛ፣ መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ልክ መታወቅ አለበት። አብዛኛው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ነው፤ በግምት "ሁለት ጠርሙስ ይበቃዋል" ተብሎ። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ ታስሮ ታች እስኪነካ ይወርዳል፤ ሲወጣ የረጠበው ክፍል በሜትር ይለካል፤ ያ የውሃው ጥልቀት ነው። ከዚያ የጉድጓዱ ውስጥ ወርድ ይለካል። ወርዱ 1 ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ የጥልቀት ሜትር 785 ሊትር ውሃ አለ፤ 1.2 ሜትር ከሆነ 1,130 ሊትር፣ 1.5 ሜትር ከሆነ ደግሞ 1,770 ሊትር። በማሽን ለተቆፈረ ጠባብ ጉድጓድ፣ ቧንቧው 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በሜትር 18 ሊትር ያህል ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 8 ሊትር።

የሚፈለገው መጠን በአንድ ሊትር ውሃ 100 ሚሊግራም ክሎሪን ነው። ንጹሕና ጥርት ላለ ውሃ 50 ሊበቃ ይችላል፤ ከ200 በላይ መሄድ ግን አያስፈልግም፣ ምክንያቱ ወደ ታች አለ። ለ100 ሚሊግራም ሂሳቡ እንዲህ ነው። ለበረኪና የውሃው ሊትር በ0.01 ተባዝቶ ዕቃው ላይ ለተጻፈው በመቶኛ ይካፈላል፤ መልሱ በሊትር ነው። ለጠጣሩ ደግሞ የውሃው ሊትር በ10 ተባዝቶ ለበመቶኛው ይካፈላል፤ መልሱ በግራም ነው። ወርዱ 1 ሜትር የሆነና 3 ሜትር ውሃ የያዘ ጉድጓድ 2,355 ሊትር አለው። ባለ5 በመቶ በረኪና ከሆነ 4.7 ሊትር፣ ባለ65 በመቶ ጠጣር ከሆነ 362 ግራም ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ ያለው ንጽጽር በዚህ ጉድጓድ ነው።

በረኪና

ጥሩ ጎኑ የትም መገኘቱና ፈሳሽ መሆኑ ነው። አይበጠበጥም፣ ዝቃጭ አይተውም፣ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ በቀላሉ ይወርዳል። 40 ሜትር ውሃ የያዘ ባለ15 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ በጠቅላላው 700 ሊትር ገደማ ስለሆነ 1.4 ሊትር በረኪና ይበቃዋል። ለእንዲህ ያለው ጉድጓድ ሌላ ነገር መፈለግ ድካም ነው።

ድክመቱ ዕድሜው ነው። ሙቀትና ብርሃን አይችልም። ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ የቆመ ጠርሙስ በወራት ውስጥ ጉልበቱን ያጣል፤ ላዩ ላይ የተጻፈው 5 በመቶ ግን እንደተጻፈ ይቀራል። ሽታውም አያስተማምንም፤ የደከመ በረኪናም ይሸታል። ስለዚህ የምርት ቀኑ ያልተጻፈበት ወይም ከተመረተ 6 ወር ያለፈው ለልብስ ይሁን እንጂ ለጉድጓድ አይሁን። ሌላ ማግኘት ካልተቻለ መጠኑን በግማሽ ያህል ከፍ አድርጎ በመመርመሪያ ማረጋገጥ ነው።

ከዕድሜው ቀጥሎ ማየት የሚገባው ምን እንደተጨመረበት ነው። የሎሚ ወይም የአበባ ሽታ ያለው፣ እንደ ጄል የወፈረ፣ ሳሙና የተቀላቀለበት፣ "ቀለም አይነካም" የሚል ጽሑፍ ያለው ሁሉ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። ጠርሙሱ ላይ ከሶዲየም ሃይፖክሎራይትና ከውሃ ብዙ የራቀ ዝርዝር ካለ መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

ጠጣር ክሎሪን

ከ65 እስከ 70 በመቶ ክሎሪን ይይዛል፤ ጨው የሚመስል ነጭ ፍርፋሪ ነው። ለሰፋፊ የእጅ ጉድጓዶች ከአራቱ የተሻለው ይህ ነው። 4.7 ሊትር በረኪና ተሸክሞ ከመምጣት 362 ግራም መመዘን ይቀላል፤ ደርቆና ተከድኖ ከተቀመጠም እንደ በረኪና ቶሎ አይደክምም። ይኸው ክሎሪን በቆየው ዓይነት፣ ማለትም ከ25 እስከ 35 በመቶ ብቻ በያዘው ነጭ ዱቄት መልክም ይሸጣል። እሱም ይሠራል፤ ግን እጥፍ ያህል ይፈጃል፣ ዝቃጩም ብዙ ነው። ሲገዛ በመቶኛው መነበብ ያለበት ለዚህ ነው።

አበጣበጡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ መጀመሪያ 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ክሎሪኑ በላዩ ይነሰነሳል። ተገልብጦ ውሃ በክሎሪን ላይ ከፈሰሰ ይግላል፣ ይረጫል፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይወጣዋል። በአንድ ባልዲ ከ100 እስከ 150 ግራም በቂ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ምሳሌ ጉድጓድ ሦስት ባልዲ ይወስዳል። በፕላስቲክ ቱቦ ተማስሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ከታች እንደ ወተት የነጣ ነገር ይረጋል፤ እሱ ኖራ ነው፣ ክሎሪኑ ያለው ከላይ ባለው ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ነው። ጥርት ያለው ብቻ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ ዝቃጩ ባልዲው ውስጥ ይቀራል።

ሳይበጠበጥ እንዲሁ በእፍኝ የሚወረውሩ አሉ። ፍርፋሪው ቁልቁል ሰምጦ ደለሉ ላይ ወይም ፓምፑ ላይ ያርፋል፤ ብረቱን ይበላል፣ ከላይ ያለው ውሃ ግን ሳይታከም ይቀራል። ከላይ ሲሸቱት "አልሠራም" ተብሎ ሌላ እፍኝ ይጨመራል።

አቀማመጡ ደግሞ ቀልድ አይወድም። ጠጣር ክሎሪን ራሱ ባይነድም ሌላውን ያነዳል፤ ዘይት፣ ነዳጅ፣ ጨርቅ ወይም ቀለም ከነካው እሳት ሊነሳ ይችላል። አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተገናኘ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከጀነሬተርና ከነዳጅ ጀሪካን ጋር በአንድ ጎተራ አይቀመጥም። እርጥብ ማንኪያ አይገባበትም። የብረት ክዳን ያለው ጣሳ ከሆነ ክዳኑ ዙሪያ ዝገት ካለ፣ ሲነቀነቅም ውስጡ እንደ ድንጋይ ከተጋገረ እርጥበት ገብቶበታል፤ አለመግዛት ነው።

የመጠጥ ውሃ ማከሚያ እንክብል

ለተሠራበት ሥራ ጎበዝ ነው። አንዱን እንክብል 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ጥሎ 30 ደቂቃ መጠበቅ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም፤ ጉድጓዱ እየታከመ ባለበት ቀን ለቤተሰቡ መጠጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ለጉድጓዱ ግን ሂሳቡ ያስቃል። 20 ሊትር ውሃን በሊትር 2 ሚሊግራም የሚያደርስ እንክብል 40 ሚሊግራም ክሎሪን ይለቃል፤ ምሳሌያችን የሚፈልገው ንጹሕ ክሎሪን 235 ግራም ነው። ወደ 5,900 እንክብል ማለት ነው። "አንድ ፓኬት ጣልኩበት" የተባለ ጉድጓድ አልታከመም።

የመዋኛ ገንዳ እንክብል

ብዙውን ጊዜ ትራይክሎር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ትልቅ፣ ክብ፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟ። በመቶኛው ከፍ ያለ ስለሆነ ያጓጓል። ሦስት ጉድለት አለው። ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚጠብቀው፣ ከእንክብሉ የሚወጣው ሳያኑሪክ አሲድ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ምንም አይጠቅምም፤ የክሎሪኑን የመግደል ፍጥነት ያዘገያል እንጂ። ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ በአንድ ሌሊት የሚፈለገው ልክ ላይ አይደርስም። እንክብሉ ፓምፕ ወይም ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ አሲዳማ ስለሆነ ብረቱን ይበሳል። ከሁሉም የከፋው ከጠጣር ክሎሪን ጋር በአንድ ባልዲ መግባቱ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሊፈነዱ ይችላሉ። ለጉድጓድ አይገዛም።

አሠራሩ

ክሎሪን የቆሸሸ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ቆሻሻውን ሲያቃጥል ያልቃል። ደለል፣ ቅጠል፣ አልጌና ብረት ሁሉ ክሎሪን ይበላሉ፤ ለጀርሙ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ የእጅ ጉድጓድ መጀመሪያ ውሃው ተቀድቶ ዝቃጩ ይወጣል፣ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተጋል። ለመፋተጊያው በ10 ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ሊትር ባለ5 በመቶ በረኪና በቂ ነው፤ ይህ በሊትር 200 ሚሊግራም ነው። ብሩሹ ረጅም ዘንግ ላይ ታስሮ ከላይ ሆኖ መሥራት ከተቻለ ይመረጣል።

ወደ ጉድጓድ መግባት የሰለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ በወገብ ቀበቶና በገመድ፣ ከላይ ሁለት ሰው ቆሞ። ታች ኦክስጅን ሊያንስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀም ይችላል። ሻማ አውርዶ መጥፋት አለመጥፋቱን ማየት የተለመደ ቢሆንም፣ ከነዳጅ ሞተር የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሻማ አያሳይም። በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አይወርድም፤ አፉ አጠገብም አይቆምም። ክሎሪን ከገባ በኋላ ደግሞ ማንም አይገባም።

ውሃው ሲመለስ ጥልቀቱ እንደገና ይለካል፣ ሂሳቡም ይሠራል። ጓንትና መነጽር ተደርጎ የተበጠበጠው ክሎሪን በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን በግድግዳው ዙሪያ እየዞረ ይፈሳል። ከዚያ መቀላቀል አለበት። ባልዲ ላለው፣ ባልዲውን እስከ ታች እየሰደዱ ደጋግሞ ማውጣትና መመለስ፤ ገመዱም አብሮ ይታከማል። ፓምፕ ላለው ከቧንቧው ጎማ ተስቦ ውሃው ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ እንዲወርድ ይደረጋል፤ የጎማው ጫፍ ግድግዳውን እያጠበ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሠራል። ከጎማው የሚመጣው ውሃ ክሎሪን ክሎሪን ሲሸት ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ቀጥሎ ወደ ቤቱ። መጀመሪያ የውሃ ማሞቂያው ይጠፋል፤ የከሰል ማጣሪያና የማለስለሻ ዕቃ ካለ በጎን መስመር ይታለፋል። ከሰል ክሎሪኑን ይውጠዋል፤ ባለ ሜምብሬን ማጣሪያ ደግሞ በክሎሪን ይበላሻል። ከዚያ እያንዳንዱ ቧንቧ፣ የጓሮውም ጭምር፣ የሞቀውም የቀዘቀዘውም፣ እስኪሸት ተከፍቶ ይዘጋል። ጣሪያ ላይ ታንከር ካለ ለብቻው ይታሰባል፤ ታጥቦ ለተሞላ ባለ2,000 ሊትር ታንከር 2 ሊትር ባለ5 በመቶ በረኪና 50 ሚሊግራም ያደርሰዋል። ታንከሩ ተረስቶ ጉድጓዱ ብቻ የታከመበት ቤት ከሳምንት በኋላ ወደነበረበት ይመለሳል።

ውሃው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይተኛል። ከዚያ በላይ ማቆየት የፓምፑን ጎማዎችና ብረት ይጎዳል እንጂ ትርፍ የለውም። ጠዋት ምንም ሽታ ከሌለው ክሎሪኑ ሌሊቱን አልቋል፤ ቆሻሻ ቀርቷል ማለት ስለሆነ ሥራው ይደገማል።

ሲወጣ በጎማ ወደ ባዶ መሬት ይለቀቃል። ወደ ወንዝ ወይም ኩሬ ከገባ ዓሣ ይገድላል፤ አትክልት ያደርቃል፤ በቤቱ ፍሳሽ በኩል ከሄደ ሴፕቲክ ታንኩን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይፈጃል። የጓሮው መስመር ሽታው ከጠፋ በኋላ ብቻ የቤቱ ቧንቧዎች ይከፈታሉ። የመጀመሪያው ውሃ ቀይ ወይም ጥቁር ሆኖ ቢመጣ አያስደነግጥ፤ ክሎሪኑ ብረትና ማንጋኒዝ አውጥቶ ነው፣ እየፈሰሰ ይጠራል። በዚያ ቀን ነጭ ልብስ አለማጠብ ነው።

ለምን ብዙ አይሻልም?

ክሎሪን ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ጀርም የሚገድለው ኃይለኛው ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው፣ ደካማው ሃይፖክሎራይት። የሁለቱ ድርሻ በውሃው ፒኤች፣ ማለትም በአሲድነቱ ልክ፣ ይወሰናል። ፒኤች 7.5 አካባቢ ግማሽ ለግማሽ ናቸው፤ ፒኤች 8 ላይ ኃይለኛው ሩብ ያህል ብቻ ይቀራል። በረኪናም ሆነ ጠጣር ክሎሪን ፒኤችን ከፍ ያደርጋሉ። እጥፍ ሲጨመር ሽታው እጥፍ ይሆናል፤ የመግደል አቅሙ ግን አብሮ አያድግም፣ ፓምፑም ይዝጋል። ፒኤች ለማውረድ ኮምጣጤ ከበረኪናው ጋር በአንድ ዕቃ መቀላቀል ደግሞ ጋዝ ያወጣል፤ አይሞከርም።

መመርመሪያው

ከሁሉም ዕቃ ይኼ ለገንዘቡ የበለጠ ይሠራል። የመዋኛ ገንዳ ወረቀት ርካሽ ነው፤ ብዙዎቹ ግን እስከ 10 ሚሊግራም ብቻ ስለሚያነቡ 100 መድረሱን አያሳዩም። ቢጫ ቀለም የሚሰጠው ጠብታ ነጻውንና ከቆሻሻ ጋር የተያያዘውን ክሎሪን አይለይም። ሮዝ ቀለም የሚሰጠው የዲፒዲ እንክብል ይሻላል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ክሎሪኑ በጣም ሲበዛ ቀለሙን ራሱን ያነጣዋል፤ መመርመሪያዋ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ውሃ ለቅጽበት ሮዝ ብሎ ጥርት ይላል፣ የሚያየውም "ዜሮ ነው" ብሎ ይጨምርበታል። መፍትሔው ማቅጠን ነው፤ 10 ሚሊ ሊትር የጉድጓድ ውሃ ክሎሪን በሌለው ውሃ 1 ሊትር እስኪሆን ይሞላል፣ የተነበበው በ100 ይባዛል። 1 ካሳየ ጉድጓዱ 100 ላይ ነው።

ውሃው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ንባቡ ዜሮ ሲሆን ለባክቴሪያ የሚሆን ናሙና የሚወሰደው ከ7 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነው። ክሎሪን እያለበት የተወሰደ ናሙና ንጹሕ መባሉ አይቀርም፤ ምንም አይነግርም። ቧንቧው ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይፈሳል፣ የላቦራቶሪው ጠርሙስ ክዳኑ ውስጥ ጣት ሳይነካ ይሞላል፣ በበረዶ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ የሚጠበቀው ኢ. ኮላይ (ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ መግባቱን የሚጠቁም ባክቴሪያ) ዜሮ ነው። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ መድገም ይገባል፤ በተለይ ዝናብ ካለፈ በኋላ።

አራቱም ዕቃዎች የማይሠሩት ነገር አለ። ናይትሬት፣ ፍሎራይድና አርሴኒክ በክሎሪን አይወጡም፤ ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ውሃው ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን ወተት አይበጠበጥበትም። ማፍላትም አያድነውም፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ይወፍራል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተሕዋስም ክሎሪኑን ይቋቋማል፤ እሱን ማፍላት ይገድለዋል።

ናሙናው ሁለተኛም ጊዜ ካልጠራ ሦስተኛ ጣሳ ክሎሪን መግዛት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ቆሻሻው ከውጭ እየገባ ነው። ሽንት ቤት ወይም የከብት በረት ከ30 ሜትር በታች ቀርቦ እንደሆነ፣ በዙሪያው ያለው ሊሾ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ባልዲው መሬት ላይ እየተቀመጠ እንደሆነ ይታያል። ከዚያ የግድግዳው ላይኛ 3 ሜትር ይፈተሻል፤ የላይ ውሃ የሚሰርገው በዚያ ነው። ባትሪ አያስፈልግም። ዝናብ ባቆመ ማግስት፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ አንድ ሰው ከጉድጓዱ አፍ ራቅ ብሎ በመስታወት ብርሃኑን ወደ ውስጥ ይመልሳል፣ ሌላው ያያል። ከግድግዳው የኮንክሪት ቀለበቶች መገጣጠሚያ ወደ ታች የሚወርድ የሚያብለጨልጭ እርጥብ መስመር ካለ፣ በሲሚንቶ መደፈን ያለበት እሱ ነው፤ ክሎሪኑ ከሱ በኋላ ይገዛል።